ከቺፕውዱ ማዶ የሚሰማው ስፓኒሽ

ኮሌጁ የሚገኘው ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በቆመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በምድር ቤቱ ሁለት የስልጤ ወንድማማቾች ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር መስኮቶቹ ስለሚንቀጠቀጡ ዓረፍተ ነገሬን አቋርጬ እስኪያልፉ መጠበቅ ልማዴ ሆኖ ነበር። በዚያ ፎቅ ላይ ለአስጎብኚነት ለሚሠለጥኑ ተማሪዎች ስፓኒሽንና የሥነ ልሳን መግቢያን ለሁለት ዓመት ብቻዬን አስተማርኩ። ብቸኛ መሆኔን እወደው ነበር። ማንም ሊያርመኝ የማይችልበት አንድ እውቀት በእጄ ነበረና።

ስፓኒሽን የተማርኩት ከመጻሕፍት ነው። ሳሪስ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የግሦችን እርባታ በሰንጠረዥ እየጻፍኩ ግድግዳው ላይ እለጥፍ ነበር። ሰዋስውን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። ይሁን እንጂ አፉን በቋንቋው ከፈታ ሰው ጋር የተነጋገርኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህን ለተማሪዎቼ ተናግሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ተማሪው በዛና ዲኑ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ሌላ መምህር ቀጠሩ። ሰውየው ዕድሜው ወደ አርባ ገደማ ሲሆን የጥፍሮቹ ዙሪያ በግራሶ ጠቁሯል። አባቱ በምሥራቁ ጦር ግንባር ከወደቀ በኋላ በዘጠኝ ዓመቱ ከሌሎች መሰል ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልኮ እዚያው አድጎ፣ እዚያው የናፍጣ ሞተር ጥገና ተምሮ የተመለሰ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ዘንድ ይመጣል። ስንተዋወቅ እጁን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እርስዎን በማግኘታችን ደስ ብሎናል አልኩት።

“ወንድሜ፣ እርስዎ አትበለኝ” አለ እየሳቀ። “ገና ሳልጀምር ጡረታ አወጣኸኝ።”

እኔ ግን እስከ መጨረሻው ቀን እርስዎ አልኩት። ከአክብሮት አልነበረም፤ እንዳይቀርበኝ ነበር።

ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የቺፕውድ ግድግዳ ብቻ ነበር። እኔ የግሥ ሰንጠረዥ በሰሌዳ ላይ ሳሰምር ከማዶ ሳቅ ይሰማል። ወንበሮቹን እንደ ታክሲ አሰልፎ፣ አንዱን ተማሪ ወያላ አድርጎ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው እንዲጭን ያደርገዋል። ጠጋ በሉልኝ፣ አልጠጋም፣ ጉልበቴን ጨረስከው፣ ውረድና ሌላ ያዝ፤ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ በስፓኒሽ ነው። የእኔ ተማሪዎች እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። እኔም አዳምጥ ነበር፤ ሰሌዳውን ደግሜ ደጋግሜ እየጠረግሁ። ድምፁ ውስጥ እኔ በዐሥር ዓመት ንባብ ያላገኘሁት አንድ ነገር ነበር። ሳያስብ ይናገራል። እንዲህ ለመናገር እኔ ምን መሆን ነበረብኝ ብዬ ሳስብ፣ አባቱን በጦርነት ያጣ ሕፃን ዕጣ እየተመኘሁ መሆኔን ተረዳሁ። መረዳቴ ግን ምኞቴን አላጠፋውም።

ከወር በኋላ ተማሪዎች ክፍል ለመቀየር ማመልከት ጀመሩ። ከሁሉ የጎዳችኝ የክፍሌ አንደኛ፣ የአቃቂ ነባር ገበሬዎች ልጅ የሆነች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ማመልከቻዋን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

“ቲቸር፣ እንዳይከፋዎት” አለችኝ። “የእርስዎን ደብተሬ ላይ ይዤዋለሁ። እዚያ ደግሞ አፌ ይፈታልኛል።”

ፈረምኩላት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየቀኑ ወደ እሱ ክፍል የሚገቡትን በኮሪደሩ መስኮት መቁጠር ያዝኩ።

ሰሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ዲኑ ሁለታችንን ጠሩን። የአዲስ ተመዝጋቢዎች ቁጥር ስላነሰ በሚቀጥለው ሰሚስተር ስፓኒሽ አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ እንደሚኖረው፣ ማን እንደሚቀርም ከግምገማው በኋላ እንደሚወሰን ነገሩን። እሱ ጋራዥ ነበረው። እኔ ከዚህ ክፍል ሌላ ምንም አልነበረኝም። በኋላ ላደረግሁት ነገር ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ ጠብቆ አገኘኝ። በእጁ አዲስ ደብተር ይዟል።

“የቋንቋውን ሕግ ማንም አላስተማረኝም” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ልጆች ሲናገሩ ሰምቼ ነው የያዝኩት። ተማሪ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ ሲለኝ የምመልሰው የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ብትሰጠኝ?”

ሥራ ይበዛብኛል አልኩት። ምንም አይደለም ብሎ ትከሻዬን ነክቶ ወረደ። በእኔና በእርሱ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜ ያህል አይቼው አላውቅም። እርሱ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህም አስቀናኝ።

ግምገማ ዲኑ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዘውት የመጡት ልማድ ነበር። በየሰሚስተሩ መጨረሻ መምህራን በሙሉ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ በመጀመሪያ በራሱ ላይ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ከዚያ ሌሎች ሂስ ያቀርቡበታል፤ ተገምጋሚውም በመጨረሻ ተነሥቶ ሂሴን ውጫለሁ ይላል። ጸሐፊዋ ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ትይዛለች። አብዛኞቻችን የምናቀርበው ሂስ ስለ ሰዓት ማርፈድ ነበር። የከበደ ነገር በሻይ ሰዓት ቀድሞ ያልቃል እንጂ እዚያ አይወጣም።

እኔ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ገባሁ። የእሱ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ በተረጋጋ ድምፅ አነበብኩ። ባልደረባችን የትምህርት ዕቅድ አያዘጋጁም፤ ተማሪውን በጨዋታ ያዘናጋሉ፤ የቋንቋውን ሕግ አያውቁም። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር።

“ለዚህም ማስረጃ አለኝ” አልኩ። “ከሳምንት በፊት ሰዋስው እንዳስተምራቸው ራሳቸው ለምነውኛል።”

ለምነውኛል ማለቴ ለራሴም ተሰማኝ፤ እሱ እንደ እኩያ ጠየቀኝ እንጂ አልለመነኝም፣ ትከሻዬን ነክቶ ነበር የሄደው። ቀስ ብሎ ተነሣ።

“ጠይቄዋለሁ፤ እውነት ነው” አለ። “ሂሴን ውጫለሁ።”

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ድክመቴ ለሥራ ያለኝ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው አልኩ። ዲኑ ወደ እሱ ዞረው ሂስ እንዳለው ጠየቁት። የተመታ ሰው ብድሩን የሚመልስበት ሰዓት ይህ በመሆኑ ሁሉም ቀና አለ። እኔም ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሶቼ በወረቀቱ ጀርባ ላይ በተራ ቁጥር ተጽፈዋል። ማመልከቻዎቹን ቢያነሣ፣ ባዶ ወንበሮቼን ቢያነሣ፣ የቅዳሜውን ሰዓት መከልከሌን ቢያነሣ፣ ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

“የለኝም” አለ። “ሥራውን ያውቃል።”

ጸሐፊዋ ሂስ አልቀረበም ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ዲኑ ክፍሉ ለእኔ መሰጠቱን ነገሩኝ። እሱ የክፍሉን ቁልፍ ለጸሐፊዋ አስረክቦ ወደ ጋራዡ ሄደ። እኔን ለመሰናበት ሲፈልገኝ እንደነበር ሰማሁ፤ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነበር።

በአዲሱ ሰሚስተር የእሱ ተማሪዎች በሙሉ እኔ ክፍል ተቀመጡ። ከጠዋቱ ጀምሮ ወንበሮቹ ሞልተው ሳይ የተመኘሁት ይህ ነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰንጠረዡን አስምሬ ጨረስኩና ጥያቄ ካላችሁ በስፓኒሽ ጠይቁ አልኩ። ያች የአቃቂ ልጅ እጇን አወጣች። ፈጥና ተናገረች፣ የቃላቱን መጨረሻ እንደ እሱ እየዋጠች፣ ድምፅዋን እንደ እሱ እያወጣችና እያወረደች፤ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ተረድተዋት ፈገግ አሉ።

እኔ አልገባኝም። ድገሚው አልኳት።

አንገቷን አቀረቀረች። ከዚያም ጥያቄዋን ቃል በቃል ለያይታ፣ ለእንግዳ ሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው በትዕግሥት፣ ቀስ ብላ ደገመችልኝ።