ሊሸነፍ የመጣ እንግዳ

የልጅ ልጄ ገበጣ ስንጫወት ሆን ብላ ተሸነፈችልኝ። የጠጠሮቹ ድምፅ ወደ ልጅነቴ፣ ወዳደግሁበት እንፍራንዝ መለሰኝ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ዋርካው ሥር አዋቂም ልጅም ገበጣ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ጨው ነጋዴ ነኝ ያለ እንግዳ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ለሁሉም ይሸነፋል። ለእኔም ተሸነፈና እየሳቀ፣ "አባትሽስ የት ነው?" አለኝ። አባቴ አርበኞቹ ዘንድ ዱር ገብቷል።

አፌን ሳልከፍት ጎረቤታችን አያ ይመር ጠጠሮቹን አፈሷቸው።

"ምነው አያ፣ ሸጋ ጨዋታ ነበር እኮ" አለ እንግዳው።

"መሽቷል" አሉት። ፀሐይዋ ግን አናታችን ላይ ነበረች።

ሲሄድ፣ "ልጅም ሽማግሌም ሲጫወት ማሸነፍ ይሻል። ይኼ የሚሻው ሌላ ነው" አሉን።

ሰላይ ይሁን ነጋዴ ዛሬም አላውቅም።

"እንድገም እማማ?" አለችኝ የልጅ ልጄ።

ጠጠሮቹን ጨብጬ፣ "መጀመሪያ ምን ልትጠይቂኝ እንደፈለግሽ ንገሪኝ" አልኳት።