ጳጉሜን ያልቆጠረው ደብዳቤ

በደርግ ዘመን ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስቀጠር፣ ስልሳ ቀን እንደምሞከር የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጡኝ። ነሐሴ አንድ ነበር። በዚያው ዕለት አንዲት የእሪ በከንቱ ልጅ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠረች። ሰው ሰውን የሚሞክርበት ነገር ሁሉ አይዋጥልኝም። እናቴ ግን የምትጠብቀው የእኔን ደሞዝ ነበርና ተሞከርኩ።

በሙከራ ጊዜ ለተሰናበተ ሰው ምክንያት አይነገረውም። የአስተዳደር ኃላፊው ይህችን ነገር አሳምረው ያውቋታል። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ በቀይ እርሳስ አረምኩባቸው፤ ልጅቱ ሳቀች። መስከረም ሃያ አራት፣ የሁለታችንንም የስንብት ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት።

የራሷን ጽፋ ስትጨርስ ኃላፊው ይዘውት ለማኅተም ሄዱ። የእኔን ረቂቅ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ ወጣች።

መሳቢያው ተከፍቶ፣ ደብዳቤው በሌላ ሰው ተጽፎ የደረሰኝ መስከረም ሃያ ስምንት ነው። ኃላፊው አልተጨነቁም፤ ነሐሴና መስከረም ሁለት ወር፣ ሁለት ወር ስልሳ ቀን፣ ገና ሁለት ቀን ይቀራል ብለው።

ከሰስኩ።

«ጳጉሜንስ?» አሉ ዳኛው።

«ጳጉሜን ደሞዝ የላትም፣ ክቡር ዳኛ። አትቆጠርም» አሉ ኃላፊው።

«ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

«ሠርቷል።»

«እኔም ሠርቻለሁ» አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ።

ስልሳው ቀን ያለቀው መስከረም ሃያ አምስት ስለሆነ፣ ያለ ምክንያት የተባረረ ቋሚ ሠራተኛ ነህ ተብዬ ተመለስኩ።

ልጅቱን አፍንጮ በር፣ ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት።

«ሆን ብለሽ ነው?»

«ጳጉሜ ሦስት ቀን ‹በነጻ ብንሠራም ትቆጠርልናለች› ብለህ ስትሰብከኝ አልነበር? ስብከትህ ሰለቸኝ እንጂ አዳምጬሃለሁ።»

«የራስሽንስ ለምን አልቆለፍሽውም?»

«እስክጨርስ ኃላፊው አናቴ ላይ ቆመው ነበር።»

ታክሲው መጣ። የእሷ ስንብት የደረሳት በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ክስ ብትመሠርትም የሚሰማት አልነበረም።

ፍትሕ አገኘህ የሚሉኝ አሉ። እኔ ያገኘሁት አራት ቀን ነው፤ እሱንም የሰጠኝ ሕጉ አይደለም። ባልደረቦቼ በየዓመቱ ጳጉሜ ያለ ደሞዝ አለፈች ብለው ሲያጉረመርሙ እኔ የለሁበትም። የእኔን ጳጉሜ የከፈለችው እሷ ናት።