ሰሌን የማይወጣው ዘንባባ

እማማ ታቢታ ኩማ ሰው አስቀይመው አያውቁም የሚል ካለ፣ እሳቸውን አያውቃቸውም ማለት ነው። ከባጃጅ ሹፌር ጋር ይጣላሉ፤ ከቀበሌ ሰው ጋር ይጣላሉ፤ መዝሙር ሲበላሽ ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር ይጣላሉ። እኔም ጎረቤታቸው ነኝና ድርሻዬን አላጣሁም። ሲብስባቸው አማርኛው አይበቃቸውም፤ ወደ አፍ መፍቻቸው፣ ወደ ሲዳሙ አፎ፣ ይሻገራሉ። ያኔ ዝም ማለት ነው የሚያዋጣው።

መተዳደሪያቸው ሰሌን ነው። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ አርባውን ዓመት የዘንባባ ቅጠል ሲሰነጥቁና ሲጎነጉኑ ኖረዋል። ቤታቸው ጥቁር ውኃ ወንዝ ዳር ነው። ድሮ ዳሩን ይዞት የነበረው ዘንባባ ለአጥርም ለማገዶም እየተቆረጠ አለቀና ወንዙ መሬቱን መብላት ጀመረ። ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ኩሽናቸውን፣ ውስጡ ከተደረደረው ሰሌን ጋር ይዞት ሄደ። አሁን ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ እስከ ገደሉ አፍ አሥራ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ሌላ ቤት የላቸውም።

አለቀሱ፤ ግን ብዙም አልቆዩም። የዘንባባ ፍሬ ለቅመው በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ችግኝ አፈሉ። ከዚያ ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞሩ ለተከላ አስወጡን። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ጋሽ ዓለማየሁ፣ ሰብሳቢያችን ሆኑ። አበል የለም፤ ስድብ ግን በነፃ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየተከልን ሁለት ክረምት አለፈ።

«ይኼ ዛፍ ብቻውን አይቆምም» ይሉን ነበር እማማ ታቢታ። «ከሥሩ ልጆች እያወጣ ቤተሰብ ይሆናል። አፈር የሚይዘው እሱ ነው።»

ችግኞቹ ገና ጉልበት አይደርሱም፤ እሾኻቸው ግን ከአሁኑ ይዋጋል። በእማማ ታቢታ የወጡ ናቸው እያልን እንስቅ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የወንዝ ዳር ማስዋቢያ ፕሮጀክት መጣ። ባመጡት የዕቅድ ወረቀት ላይ «ዘንባባ ተከላ» የሚል ስናነብ እልል አልን። ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሙሉ በእኛ ችግኞች መሃል ስልሳ ጉድጓድ ቆፈሩ። እማማ ታቢታም በጓሯቸው ለዘንድሮ ያፈሉትን ችግኝ ውኃ እያጠጡ ይጠብቁ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን የፕሮጀክቱ ተቆጣጣሪ፣ ኤልናታን የሚባል ወጣት ኢንጂነር፣ በስልኩ ፎቶ አሳየን። ፎቶው ላይ ያለው ሐይቁ ዳር ባሉት የከተማችን ሆቴሎች በር ላይ የምናየው፣ ግንዱ የለሰለሰ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል ያለው ነው። እሱም በአማርኛ ዘንባባ ነው፤ ምን ይደረጋል!

«ከሰዓት መኪናው ይደርሳል» አለ። «እስከዚያ እነዚህን እሾኻሞች ንቀሉልን። ለእይታ አይሆኑም።»

እማማ ታቢታ ስልኩን ተቀብለው አዩትና መለሱለት። «ልጄ፣ ከዚህ ሰሌን ይወጣል?»

«አይ፣ እማማ፣ ይኼ ለውበት ነው።»

«ሰሌን የማይወጣው፣ ልጅ የማያወጣ፣ በአንድ እግሩ የቆመ ዛፍ ነው ወንዙን ከእኔ ቤት የሚመልሰው?»

ኢንጂነሩ ዲዛይኑ ጸድቋል ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ ሊበላ ሄደ። ጋሽ ዓለማየሁ አንገታቸውን ደፉ።

«ወይዘሮ ታቢታ፣ ይተዉት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል።»

«እኔ መች ከሰስኩ? የተከልኩትን አልነቅልም ነው ያልኩት!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሌሎቹም እግራቸውን እያዩ ቆሙ። እሳቸው ግን አልለመኑንም። ጓሯቸው ገብተው በሁለት እጃቸው ሁለት ሃይላንድ ይዘው ወጡና፣ አንዱን ችግኝ ፕሮጀክቱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከው ተከሉት። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ጉልበታቸው እምቢ አላቸውና በእጃቸው መሬት ያዙ። ያኔ አፈርኩ። አካፋ አነሳሁ። ከኋላዬ ሌሎቹ መጡ፤ በመጨረሻም ጋሽ ዓለማየሁ ኮታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉ። የፕሮጀክቱ ሰዎች ምሳቸውን በልተው እስኪመለሱ አንድም ባዶ ጉድጓድ አልተረፈም።

የሆቴል ዘንባባ የጫነው አይሱዙ ደረሰ። ኤልናታን ዳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘንባባ» አሉ እማማ ታቢታ። «ወረቀትህ እንደሱ ይል የለ?»

«ጉድጓዱ እኮ የእኛ ነው!»

«ጉድጓዱን ይዘኸው ሂድ።»

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ኤልናታን ግን አልሳቀም፤ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ንቀሉ አለ። እኛ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ችግኝ አጠገብ ቆመን ነበር፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ዓለማየሁ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መጀመሪያ እኔ አጠገቡ የቆምኩትን ንቀሉ» አሉ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩና አካፋቸውን መሬት ላይ አኖሩ። አይሱዙው እንደተጫነ ዞረ።

ኤልናታን መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጣቱን ቀሰረ። «ነገ ከአለቆቼ ጋር እመለሳለሁ!»

እማማ ታቢታ በጭቃ እጃቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ና» አሉት። «እኔ እንደሆነ የምሄድበት የለኝም።»