ቀጭኔ የቆረጠው ቱቦ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌሎች መሣሪያ ሲያቀብል የኖረ ሰው፣ በገዛ እጁ አንድ ጎማ እንኳ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ይህን ሚስቱ አታውቅም፤ ልጁም አታውቅም። እሱም ቢሆን ጡረታ ወጥቶ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪይዝ ድረስ ነገሩን አስቦት አያውቅም።

ሥራው አንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነበር። ግምጃ ቤቱ ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው። በግራና በቀኝ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የእንጨት መደርደሪያ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ ግቢው የሚከፈት አንድ መስኮት አለው። ከባድ መኪና የሚነዱት ሾፌሮች ገና ሲነጋጋ እዚያ መስኮት ላይ ይሰለፋሉ። እሱ ግራጫ ጋዎኑን ለብሶ ክሪኩን፣ የጎማ ቁልፉን፣ መዶሻውን፣ መፈልቀቂያ ብረቱን አንድ በአንድ እያነሳ ያቀብላል፤ ያስፈርማል። ከግቢው የናፍጣ ጭስና የሾፌሮቹ ሳቅ ተደባልቆ ይገባል። ከደረቱ በታች አይተውት ስለማያውቁ ሾፌሮቹ "መስኮቱ" የሚል ስም አወጡለት። የሚያውቅ አይመስላቸውም እንጂ፣ ስሙን ገና በወጣለት ሳምንት ሰምቶታል። አልከፋውም።

ሰውን የሚያውቀው በመሣሪያው አመላለስ ነበር። ጫፉ የተሰበረ መፈልቀቂያ ከመጣለት ሾፌሩ ችኩል ነው ማለት ነው። ክሪኩ ተወልውሎ ከተመለሰ መንገዱ ደህና ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ የመዶሻ እጀታ ላይ ደም አይቶ፣ ሾፌሩን ፈልጎ በዓይኑ እስኪያየው ድረስ ምሳ ሳይበላ ውሏል። የተጣመመ የጎማ ቁልፍ ሲመለስለት ግን ምሕረት የለውም። ቁልፍ የሚጣመመው እጀታው ላይ ቱቦ ሲሰካበት ነው ይባል ነበርና፣ ይህ ደግሞ በመመሪያ የተከለከለ ነው።

ልጁ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከብት አርቢዎች ወደሚኖሩበት ሩቅ ሜዳ እየሄደች ወር፣ ሁለት ወር ትቆያለች። ድንኳን ውስጥ ማደሩ እያደከማት ሲሄድ መሥሪያ ቤቷ አንድ አሮጌ ከባድ መኪና ሰጣት። የጭነት ቦታው ላይ ክፍል ተሠርቶበታል፤ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ምድጃ፣ የመድኃኒት ፍሪጅና የውኃ ታንከር አለው። የምትሄደው ከአንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ጋር ነው። ሁለቱም እንደ ሸንበቆ ቀጫጭኖች ናቸው።

"አባዬ፣" አለችው አንድ ቀን፣ "የጎማ መቀየሪያ መሣሪያ አንተ ምረጥልኝ። ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?"

ይህን ሲሰማ አሥር ዓመት ከላዩ ላይ የወረደለት መሰለው። ጋዎኑን ከቁም ሣጥን አወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤ ክሪክ እያነሳ ጥርሱን ቆጠረ፣ መዶሻ ድንጋይ ላይ እያንኳኳ ድምፁን ሰማ። የድሮው ግምጃ ቤት መደርደሪያ አንድም ሳይቀር በዓይኑ ላይ ነበር። እዚያ የነበረውን ሁሉ አሟልቶ ሲጨርስ ሳሎኑ ውስጥ መራመጃ ጠፋ።

"ሳሎኑን ጋራዥ አደረግከው፤ እኔ የት ልቀመጥ?" አለች ሚስቱ።

"ክሪኩ ላይ ተቀመጪ። ሃያ ቶን ይችላል።"

"ወፈርሽ ለማለት ይሄን ያህል ገበያ መዞር አያስፈልግህም ነበር።"

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ከአጥሩ ሥር አቁመው ሙከራ ጀመሩ። ቅደም ተከተሉን እሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ በመመሪያው ላይ ስንት ጊዜ አንብቦታል። መጀመሪያ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረጋል። ቀጥሎ መኪናው ሳይነሳ ጎማውን የያዙት ዳዶዎች ላላ ይደረጋሉ። ልጁ ቁልፉን ሰካችና ሳበች። አልነቃነቅ አለ። በሁለት እግሯ ቆመችበት፤ እሱም ምንም አላመጣም። "እስቲ ዞር በይ" ብሎ እሱ ያዘው። ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ገፋ፤ ወገቡ ቀጭ አለ፤ ዳዶው ግን እንዳለ ነው።

"አባዬ፣ አንተ ስታደርገው እንዴት ነበር?"

ቁልፉን ከዳዶው ነቀለ።

"ስንት ጊዜ ፈትተሃል?"

"አንድም ቀን።"

ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን መሬት ላይ የተጋደመው ስኮርታ ጎማ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች። "ታዲያ እነሱ እንዴት ይፈቱት ነበር?" አለችው።

ጥያቄው ቀላል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን ጠይቆት አያውቅም። መልሱ ወዲያው፣ ያለማንም እርዳታ፣ መጣለት፤ ያ በመመሪያ የተከለከለው ቱቦ ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከግምጃ ቤቱ ጓሮ ከተከመረው የውኃ ቱቦ ላይ ቁራጭ ቁራጭ እየጠፋ አስቸግሮ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ቁራጭ ቀጭኔ የሚሉት ረጅም ሾፌር መቀመጫ ሥር ተገኘ። ቀጭኔ ያለው "ለሥራ ነው" ብቻ ነው። እሱ ግን "ንብረት ለግል ጥቅም አውሏል" ብሎ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ የተነሳ ቀጭኔ ከረጅሙ መንገድ ተነስቶ ከተማ ውስጥ አሸዋ የሚያመላልስ መኪና ላይ ተመደበ። እስከ ጡረታው እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ የቀጭኔን ቤት አፈላልጎ አገኘ። ከእህል ወፍጮ ጀርባ፣ አንድ ደረጃ ያላት ቤት ናት። ቀጭኔ ደረጃዋ ላይ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር ይለቅማል። ቁመቱ ጎብጦ ግማሽ ሆኗል።

"መስኮቱ እግር አለው እንዴ?" አለ ቀና ብሎ። "ዛሬ ገና አየሁት።"

እሱ ሳቅ አልመጣለትም። ቆሞ እንዳለ፣ "ያ ቱቦ ለምን እንደነበር ትናንት ገባኝ" አለ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብህ።"

"ያኔ ለምን አላስረዳኸኝም?"

"ብትጠይቀኝ ኖሮ አስረዳህ ነበር። አንተ ጻፍክ እንጂ አልጠየቅክም።"

"ጻፍኩ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

ቀጭኔ አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለይቶ ወረወረ። "የአሸዋውን መኪና ክፉ አልለውም" አለ ቀስ ብሎ። "ልጆቼን ያወቅኳቸው ያኔ ነው። ማታ ማታ ቤቴ እገባ ነበር። ግን ያ መንገድ… ጋቢናው ውስጥ ሬዲዮው እየተንሿሿ፣ አቀበቱን ጨርሰህ ጉሙ ከፊትህ ሲገለጥ፣ ሜዳው ሁሉ ላንተ ብቻ የተዘረጋ ይመስልሃል። እሱ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። በል ተቀመጥ፤ አንተም ልቀም።"

ምስሩን አብረው ለቀሙ። በመካከሉ የልጁን ነገር፣ የመኪናውን ነገር አጫወተው። ቀጭኔ የጎማውን ቁጥርና የዳዶውን ብዛት ጠየቀ፤ ከዚያ "ልጅቷ ስንት ኪሎ ትሆናለች?" አለ። የግምጃ ቤቱ ሰው ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ቀጭኔ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ የተከመረውን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

"ደግ አድርገህ ገዝተሃል፤ ለዝሆን ነው እንጂ" አለ። ከዚያ ልጅቷን ጠራት። "ነይ፣ እያንዳንዷን አንሺ። ከመሬት እስከ ጉልበትሽ አንስተሽ አሥር መቁጠር ያቃተሽ ነገር ሁሉ ይቀራል።"

"እሺ ጋሼ።"

ሃያ ቶኑ ክሪክ ቀረ። "አንድ ጎማ ለማንሳት አሥራ ሁለት ቶኑ ይተርፋል፤ ከሥሩ የምታነጥፊበት ወፍራም ጣውላ ይበልጥልሻል። አሸዋ ላይ ክሪኩ ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይነሳም።" ትልቁ መዶሻም ቀረ። ከአጫጭሮቹ መፈልቀቂያዎች ይልቅ ሁለት ረጃጅሞቹን መረጠ። የንፋስ መሙያውን ቱቦ አይቶ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ አጭር ነው። የዚህ ቸርኬ ቀለበት፣ ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ በደንብ ካልገባ ሲነፋ ተስፈንጥሮ ይገድላል። አሥር ሜትር ግዙላት። ጎማውን ከመኪናው ሥር አስገብታ፣ እሷ ራቅ ብላ ትንፋው።"

የግምጃ ቤቱ ሰው ያ አጭር ቱቦ የድሮው ግምጃ ቤት ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ለስንት ሰው እንዳቀበለውም ያስታውሳል። ወረቀት ላይ "አሥር ሜትር" ብሎ ጻፈ።

ለቁልፉ ማስረዘሚያ የሚሆን ወፍራም የብረት ቱቦ ቀጭኔ ይዞ መጥቷል። ልጅቷን አቁሞ በቁመቷ ለካው፤ ትከሻዋ ጋ ምልክት አድርጎ በመጋዝ ቆረጠው። ቁልፉ እጀታ ላይ ሰክቶ፣ "በይ ጫፉ ላይ ውጪ፤ አትግፊ፣ አትዝለይ፣ ቁሚ ብቻ" አላት። የመኪናውን ጎን ይዛ ቆመችበት። ዳዶው ሲጥ አለና ለቀቀ። ደንግጣ ወርዳ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

ጎማውንም እንዴት እንደምትይዘው አሳያት። "አትሸከሚውም። እንደ ሰከረ ሰው ነው፤ ደግፈሽ ትመሪዋለሽ።" መፈልቀቂያ ብረቱን ከሥር አስገብታ፣ እያወዛወዘች፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አውጥታ መልሳ አሰረችው። እጇ ግራሶ በግራሶ ሆነ።

ስትጨርስ አባትየው ጋዎኑን አወለቀ። "እስቲ ከዳዶዎቹ አንዷን ለኔ ተዉልኝ፤ ፈትቼ መልሼ ልሰራት።" ቀጭኔ ክንዱን ደግፎ ቱቦው ላይ አወጣው። ብረቱ ከእግሩ ሥር ጎንበስ ሲል፣ ከዚያ ዳዶው ሲለቅ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ድካም በጫማው በኩል የገባበት መሰለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስኮቱ ማዶ የነበረው ነገር ይህ ነበር። ከወረደ በኋላ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ። ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና አየችው፤ እንዳላየች ሆና ገባች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ የመኪናውን ጥላ ይዘው ተቀመጡ። ጋራዡ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የሲሚንቶ መጋዘን ቆሟል። እነሱ ግን ግቢውን ከበሩ ጀምረው እንደገና ሠሩት። ዘበኛው የሚተኛበት አግዳሚ፣ ክረምት ላይ ኩሬ የሚሆነው ጉድጓድ፣ ሲዘፍን ድምፁ የፍሬን ሲጥታ የሚመስለው መካኒክ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። መስኮቱ ከውስጥ ያየውን ይናገራል፤ ቀጭኔ ከውጭ ያየውን ይጨምርበታል። አንዳንዱ ነገር ጭራሽ የተለያየ ጋራዥ ውስጥ የኖሩ አስመሰላቸው።

ልጅቷ በወሩ ሄደች። በሁለተኛው ወር ደውላ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ የኋላ ጎማ እንደፈነዳና ከላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጋር ሆነው እንደቀየሩት ነገረቻቸው። "ፍየሎች ብቻ ናቸው ቆመው ያዩን" አለች። በበጋው ቀጭኔና አባቷ አብረዋት ሄዱ፤ እሷ እየነዳች፣ እነሱ ጋቢናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው። አባትየው ያንን፣ ቀጭኔ በሕልሙ የሚያየውን መንገድ፣ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። አቀበቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀጭኔ እጁን ዘርግቶ ሜዳውን አሳየው።