ለቆቃዋ ጀልባ የገጠምኩት ጂፒኤስ

አዳማ ውስጥ የመኪና ሬዲዮ ስገጥም ነው ያረጀሁት። ተውኩት ካልኩ በኋላም ሰው ይጠራኛል፤ ጉልበቴ እምቢ ሲል አፌ ቀድሞ እሺ ይላል።

ክረምቱ እንደወጣ የደወለልኝ ቆቃ ላይ ትንሽ ጀልባ ያለው ዓሣ አስጋሪ ነበር። አንድ ምሽት ጭጋግ ወርዶ፣ ንፋስ የገፋው እንቦጭም መውጫውን ዘግቶበት፣ ሐይቁ ላይ ሲዞር አድሯል። ሚስቱም መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ካልተገጠመ ጀልባዋ ከዳር አትነቃነቅም ብላ ቆርጣለች። ጂፒኤሱ ተገዝቷል፤ የጠፋው ገጣሚው ነው።

"ለጀልባ ገጥመው ያውቃሉ፣ ጋሼ?"

"ያው መኪና አይደል? ጎማ የለውም እንጂ" አልኩት። ዋና እንደማልችል አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

መሣሪያውን በሚኒባስ ላከልኝ። ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ከባትሪ ጋር አያይዤ ሞከርኩት። ያልተጫንኩት ቁልፍ የለም። የቤት ሥዕል ያለበትንም ሁለቴ ተጫንኩ፤ ጢጥ ሲል ደስ አለኝ።

ቆቃ ስደርስ የነጂው ክፍል የሎተሪ መሸጫ ኪዮስክ የምታክል ሆና አገኘኋት። ባለቤቱ ሰተት ብሎ ይገባል። እኔ ከሆዴ ጋር ሁለት ስለሆንን በተራ ገባን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚጋርድ ጣሪያውን በትራፓኖ በስቼ አንቴናውን ወደ ላይ አወጣሁት። ሽቦውን ውሃ እንዳያገኘው ከፍ አድርጌ አሰርኩ፤ ፊውዙን ከባትሪው ጎን አስገባሁ። ቀዳዳውን የምደፍንበት ሲሊኮን ጠፍቶብኝ ብዙ ፈለግኩ። ለካ ተቀምጬበታለሁ።

ለሙከራ ልንወጣ ስንል ሚስቱ ዘላ ገባች። መሃል ስንደርስ ሻርፗን ፈትታ የፊቱ መስታወት ላይ ጋረደችው።

"አሁን በዓይንህ ሳይሆን በእሱ መልሰን" አለችው።

የቤቱን ሥዕል ተጫነ። ቀስት ብቅ አለች፤ እሱም ቀስቷን ተከትሎ ነዳ። እኔ እጄን አጣጥፌ እንደ መሐንዲስ ቆሜያለሁ። ጥቂት እንደሄድን ጀልባዋ እንቦጭ ውስጥ ተሰንቅራ ቆመች።

"ያ ረቢ! ወዴት ነው የሚወስደን?" አለች።

መነጽሬን አድርጌ ካርታውን አሰፋሁት። የቤቱ ምልክት አዳማ ላይ፣ እኛ ሰፈር ተቀምጧል። ያን ቀን ደጃፌ ላይ ስነካካ መመለሻው ብዬ የመዘገብኩት የራሴን ቤት ነበር።

"ወደ እኔ ቤት ነው" አልኩ።

"ታዲያ ምሳ አለ፣ ጋሼ?" አለና ባልየው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልከተለው ስል ሴትየዋን አየኋት።

"እሱ ይሳቅ" አለችኝ። "ያን ሌሊት ዳር ቆሜ ስሙን ስጣራ ያደርኩት እኔ ነኝ።"

ሳቄን ትቼ ረጅም እንጨት አነሳሁና ጀልባዋን ከእንቦጩ ገፍቼ አወጣኋት።

ሻርፑን አንስተን በዓይን ተመለስን። የጀልባዋ አፍንጫ መነሻችን ላይ ጭቃውን ሲነካ፣ "ነይ ልጄ፣ የቤቱን ሥዕል አንቺው ሁለቴ ተጫኚው" አልኳት። ተጫነች፤ ጢጥ አለ። እንደገና ወጣን፤ ሻርፑ እንደገና ተጋረደ። ባልየው ዓይኑን ከቀስቷ ሳይነቅል በዝግታ ነዳ። እሷ የጎኑን በር ይዛ ውጭ ውጭውን ታያለች። በኋላ ከታች ጭቃው ቸስ አለ። ጀልባዋ የምትታሰርበት ግንድ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

የድሮውን ምልክት ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ይቆይ። ሲበላሽ የት እንደምናገኝዎት እንወቅ።"

ከዚያ ሻርፑን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ባሏ ዞረች፦ "ለነገ ስንቅ ምን ልቋጥርልህ?"