የፓፓያው ሚዜ

ይዟል! ኧረ እልል በሉ፣ ይዟል! አንድም ሁለትም አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት አንገቴ እስኪጣመም አንጋጥጬ ቆጥሬ አሥራ አንድ ደርሻለሁ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል፣ አረንጓዴ፣ ግንዱ ላይ ሙጭጭ ያለች ጨቅላ ፓፓያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሥራ አንድ!

የማን ፓፓያ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ የእትዬ ሳሊሀ ነው። የምሥራቹ ግን ከእሷ ይልቅ የአያ ደጀን ነው። እሱም ሲነገረው አልሳቀም፤ ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ጥፋት ያለበት ሰው እንዲህ ነው፤ ደስታውም ይከብደዋል።

አያ ደጀን ከቆቦ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የውሃ አባት ነበር። የቦዩ ውሃ ለማን መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስን፣ ተራ የሰረቀውን የሚዳኝ እሱ ነበር። ዳኝነቱ እንዴት ያለ መሰላችሁ! አንድ በጋ ሚስቱ ጥሩወርቅ ለበርበሬዋ ብላ ከተራዋ ቀድማ ትንሽ ውሃ ጠለፈች ተብሎ፣ በሰው ፊት አቁሞ ሦስት ቀን ቦይ አስጠርጓታል። «ማታ ከጎኔ ተኝቶ ጠዋት የሚፈርድብኝ ዳኛ! ጉድ እኮ ነው!» እያለች አካፋዋን አንስታ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ፍርዱን የሚጠራጠር ጠፋ። ጣጣውም ከዚሁ መጣ፤ የማይጠረጠር ሰው ሲሳሳት ማን ይመልሰዋል?

ባለፈው ጥር ውሃው ቀጠነ። አያ ደጀን ቦዩን ተከትሎ ሲወርድ በየጓሮው የቆመውን ሁሉ እንደ ሌባ ማየት ጀመረ። ዓይኑ ወንዴው ፓፓያ ላይ አረፈ። ሴቴዋ ፓፓያ አበባዋን ከግንዷ አስጠግታ ታፈራለች፤ ወንዴው ግን አበባውን በረጃጅም ዘንግ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሲመሽ ሽታውን እየለቀቀ ይቆማል እንጂ ፍሬ የለውም።

«ይኼ ጎረምሳ!» አለ አያ ደጀን። «ሽቶ ተቀብቶ መቆም ብቻ! ውሃ ሲሆን ግን ይጠጣል።»

መጀመሪያ የራሱን ሁለት ወንዴ በመጥረቢያ ጣለ። ቀጥሎ ሰው ሰብስቦ፣ «የማያፈራ ዛፍ ከዚህ ቦይ አይጠጣም፤ ቁረጡ» አለ። የውሃ አባት ቃል ነውና ተቆረጠ። በሁለት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ዛፍ ወደቀ።

የመጨረሻው የእትዬ ሳሊሀ ነበር። እሷ፣ ሀናን የምትባለው ልጇ ወልዳ፣ ልታርሳት ዋጃ ሄዳለች። አያ ደጀንም «ተመልሳ ከምትለፋ» ብሎ በአጥሯ ገብቶ ቆረጠላት፤ ቅጠሉን ሳይቀር ጠርጎ ወጣ። ስትመለስ ጓሮዋን አየችና፣ «አላህ ይስጥህ አያ ደጀን፤ ወንድም እያለኝ ምን እሆናለሁ» ብላ መረቀችው። ይህች ምርቃት በኋላ እሾህ ሆና ተሰካችበት።

ሚያዝያ ላይ ሴቶቹ ማጉረምረም ያዙ። ከድሮ የያዘው ፍሬ እየበሰለ ተለቀመ፤ ከእሱ በላይ ግን ምንም የለም። አበባው ይፈነዳል፣ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ሲጠረግ መጥረጊያው የሚያወጣው አበባ ብቻ ሆነ። ቡዳ ነው ያለም ነበር፤ ኋላ አንዱ «መድኃኒት ነው» አለና ሁሉም ያንን ያዘ። የእትዬ ሳሊሀ ልጅ ሙህሲን የካቲት ላይ ለሽንኩርቱ የትል መድኃኒት ረጭቶ ነበር።

«ወላሂ፣ የእናቴን ዛፍ በእጄ ልገድል?» አለ ሙህሲን። «የረጨሁት በማለዳ ነው፣ ቅጠልም አይነቃነቅ!»

ማን ይስማው? አያ ደጀን ፈረደ፤ ሙህሲን ሁለት ተራ ውሃ ቀረበት። በሚያዝያ ፀሐይ ሁለት ተራ ማጣት ለሽንኩርት ሞት ነው። የማሳው እኩሌታ እንደ ገለባ ነጥቶ ቀረ። ሰዉም ስም አወጣለት፤ «ሙህሲን መርዙ» ተባለ።

ግንቦት ሲገባ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፍሬሕይወት በመንደሩ ስታልፍ አያ ደጀንን ቦይ ዳር አገኘችው።

«አያ ደጀን፣ ወንዴ ፓፓያዎቹ የት ሄዱ?»

«ቆረጥናቸዋ ልጄ! አያፈሩ!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እኔው ነኝ ያዘዝኩ» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ፍሬሕይወት ሳቀች፤ ፊቱን አይታ ደግሞ ሳቋን ዋጠች። ከረገፈው አንዲት የሴቴ አበባ አነሳችና በጥፍሯ ሰንጥቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይቺ መሃሏ ላይ ያለችው እንክብል ናት ፓፓያ የምትሆነው። ግን ከወንዴው አበባ ብናኝ ካልደረሳት እንዲሁ ባዶዋን ትረግፋለች። ብናኙን ንፋስና ማታ ማታ የእሳት ራት ያመላልሱታል። አያፈራም ያሉት ዛፍ ነው እኮ፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ነበር የሚያፈራው።»

«የሽንኩርቱ መድኃኒትስ?» አለ።

«ምን አገናኘው? ቢጎዳው አንድ ሰሞን ነው እንጂ ይኸን ሁሉ ወር?»

«ስንት… ስንት ወንዴ ይበቃ ነበር?»

«ለአሥር ሴቴ አንድ ይበቃል።»

አንድ! ዘጠኝ ከማስቆረጥ አንድ ቢተው ኖሮ! አያ ደጀን ያቺን የተሰነጠቀች አበባ በመዳፉ ጨብጦ ቤቱ ገባ፤ ከፍቶ ቢያያት ጠቁራለች።

ፍሬሕይወት በዚያው ሳምንት ወደ ሮቢት ተዛወረች። ነገሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀረ። ነገ እናገራለሁ አለ። ዝናቡ ይግባና አለ። ዘር ተዘርቶ ይለቅ አለ። በመሃሉ ክረምቱ ወጣ። ሙህሲን መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ዋሉ» ይለዋል፤ አያ ደጀን መልሱን ለመሬቱ ይመልሳል። ከሁሉ የባሰበት ዛፉ ነው። ፓፓያ ወደ ላይ እያደገ ነው የሚያፈራው፤ እናም በየግንዱ ላይ የድሮው ፍሬ ጠባሳ ካበቃበት ጀምሮ ባዶው ቦታ በየወሩ አንድ ጋት አንድ ጋት ይረዝማል። ጥፋቱ በየሰው ጓሮ ቆሞ ያድጋል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ጥሩወርቅ፣ «ፓፓያ ባየህ ቁጥር ምነው ታቀረቅራለህ?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ደመና እኮ ነው!»

ጥቅምት ገባና መንደሩ ቦይ ለመጥረግ ወጣ። በዚያው የውሃ አባት ይመረጣል። «ከአያ ደጀን ወዲያ ማን አለ!» ተባለ። ቀጥሎ አንዱ ተነሣና፣ «መርዙ ዘንድሮም ከተራ መጨረሻ ይሁን፤ እንዳይለምድበት» አለ። ሙህሲን አካፋውን ተደግፎ አያ ደጀንን ብቻ አየው።

አያ ደጀን ውሃ የሚያካፍልበትን በትር መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሙህሲን አልበደለም» አለ። «ፓፓያችሁን ያመከንኩት እኔ ነኝ። ወንዴውን ያስቆረጥኩ እኔ፤ ያለ ወንዴው ሴቴዋ አትይዝም። ከግንቦት ጀምሮ አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ሚስቴ ላይ የፈረድኩ ሰው፣ የዚህን ልጅ ማሳ አድርቄ ስሙንም አጥፍቼ፣ አምስት ወር ሰላምታውን ተቀበልኩ።»

ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ አካፋዋን እጁ ላይ አኖረችለት። «ሕጉ ሦስት ቀን ነው» አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ፣ «እና አሁን ለፓፓያ ባል ፍለጋ ልንወጣ ነው?» ቢል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሙህሲን ብቻ አልሳቀም። «አያ ደጀን፣ የእናቴ ዛፍ ፍሬ ሲይዝ አፉ እላለሁ። እስከዚያ ሰላምታዎን አልሻም» ብሎ ሄደ።

አያ ደጀን ሦስቱን ቀን ቦይ ጠረገ። በአራተኛው ለፍሬሕይወት ደወለ። እሷም ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ቆንጅት የምትባል ሴት እንዳለች ነገረችው፤ ከማድ ቤቷ ጀርባ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ በሚደፋበት ቦታ አንድ ወንዴ ፓፓያ ቆሟል። ማንም አልተከለውም። አንድ መንገደኛ ፍሬውን ተፍቶት ይሆናል፣ ወይም ወፍ ጥላው ይሆናል፤ ብቻ በቅሏል። ቆንጅት ግን ማድ ቤቷን ልታሰፋ ልትቆርጠው ነው።

«ሳይወልድ አባት ነው ትለኛለህ?» አለችው ቆንጅት፣ ሮቢት ወርዶ እንዳትቆርጠው ሲለምናት። «ፍሬ ያዘ የሚል ወሬ ለኅዳር ሚካኤል ካላመጣህልኝ በማግስቱ ይቆረጣል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አያ ደጀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ሮቢት ወርዶ፣ የፈካውን የወንዴ አበባ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይመለሳል። ፍሬሕይወት እንዳስተማረችው የአበባውን ቅጠል ነቅሎ፣ ብናኙን በሴቴዋ አበባ አናት ላይ ቀስ አድርጎ ያሻሻል። መሰላል ተሸክሞ ቤት ለቤት!

«ሚዜው መጣ!» ይላሉ ሴቶቹ። «ጥሎሹስ የት አለ?»

«አያ ደጀን፣ የእኔዋ ገና ልጅ ናት፤ ያለ ዕድሜዋ እንዳትድርብኝ!»

እሱም ይስቅላቸዋል። እትዬ ሳሊሀ በር ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ይጎተታል። አንድ ቀን መሰላሉ ሥር ቆሞ፣ «ሳሊሀ፣ ያን ቀን የመረቅሽኝን መልሰሽ ውሰጂው» አላት።

«ምርቃት አይመለስም» አለች። «አንተ ድረስበት እንጂ። ውጣ አሁን፤ ይዤልሃለሁ።» እየወጣ ሳለ እጇ መሰላሉን አልለቀቀም።

ይኸው ዛሬ ያዘ። ሙህሲንን እናቱ ጠርታው ከማሳው መጣ። አንጋጦ ቆጠረ፤ አንዴ አልበቃው ብሎ ደገመ። ከዚያ ቦዩ ዳር ፊቱን ሸፍኖ ወደ ተቀመጠው አያ ደጀን ሄደ።

«አሥራ አንድ ናቸው።»

«ነገሩኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አያ ደጀን። ለሽንኩርቴም ለስሜም።»

አያ ደጀን እጁን ከፊቱ አነሳና ወደ ግንዱ ጠቆመ። ከድሮው ጠባሳ እስከ አዲሶቹ ጨቅላዎች ድረስ ከክንድ የሚበልጥ ባዶ አለ። «ያ ግን አይሞላም» አለ።

«አይሞላም» አለ ሙህሲን። «ከእሱ በላይ ነው እንግዲህ የሚያፈራው።» አጠገቡ ቁጭ አለና እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ።

ወይ ጉድ! ወሬ ይዞኝ! ነገ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የቆንጅት ስልክ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። አያ ደጀን ዛሬ እግሩ አይንቀሳቀስም፣ ተዉት ይቀመጥ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ ያ አባት ዛፍ መጥረቢያ ሳያገኘው ወሬውን ይዤ ሮቢት ልድረስ!