መሐሉ ቀይ የነበረው ቴሌቪዥን

ባለፈው ልጅሽ የአዲሱን ቴሌቪዥን ፕላስቲክ ስትልጥ ሽታው አፍንጫዬ ሥር ቀረ። ዝም ያልኩት ለዚያ ነው፤ ተቀይሜ እንዳይመስልሽ።

በደርግ ጊዜ ሐረር ፈላና በር አጠገብ ተከራይተን ስንኖር፣ ከግቢው ቴሌቪዥን የነበራቸው አከራያችን ብቻ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ነው። ባላቸው ጊደር መጋላ ገበያ ይነግዱ ነበርና አንድ ቀን ባለቀለም ፕላስቲክ አምጥተው መስታወቱ ላይ ለጠፉበት፤ ላዩ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቀይ፣ ታቹ አረንጓዴ። «ይኸው ከለር!» አሉ። ዜና አንባቢው ግንባሩ ሰማያዊ፣ አገጩ ቀይ ሆኖ ሲያወራ እኛ ልጆች በሳቅ እንሞት ነበር። ሲግል ደግሞ ፕላስቲኩ ይሸታል።

ወንድሜ ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎት ነበር። ሲሄድ እናቴ በእጇ የሠራችውን ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥማለት ነበር። አንድ ምሽት በዜና ወታደሮች ሲያልፉ አንዱ መሐል ላይ ቆም ብሎ ሳቀ። አንገቱ ላይ ሻርፕ አለ፣ ቀይ።

«ልጄ! እሱ ነው፣ በማርያም እሱ ነው!» ብላ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አከራያችን «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አቀፏት። ፕላስቲኩን ማን አስቦት! ፊቱ ጥርት ብሎ አይታይም፤ እኔም እሱ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ እናቴ እህል ቀመሰች፣ ከሰው ተጫወተች። ማታ ማታ ለዜና ቀድማ መደቡ ላይ የምትቀመጠው እሷ ሆነች።

እውነተኛው ባለቀለም ቴሌቪዥን አከራያችን ቤት የመጣው በዓመቱ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ጉድ ነው!» ሲል ያው የወታደሮቹ ፊልም ተደግሞ ታየ። ልጁ መሐል ላይ ቆመ፣ ሳቀ። ሻርፑ አረንጓዴ ነበር። ለካ ቀዩ የፕላስቲኩ ኖሯል። ፊቱም የሌላ ሰው ፊት ነው።

«አብሽሪ እህቴ፣ ያንቺንም አላህ ያመጣዋል» አሏት አከራያችን። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና በሩ ላይ ቆም አለች።

«የዚህኛው እናት አይታው ይሆን?» አለች። «ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ይኖራት ይሆን?»

ዳግመኛ ዜና ልታይ አልሄደችም፤ ወንድሜም አልመጣም። እኔ ግን በማግሥቱ ሄድኩ። ምን ልዋሽሽ፣ ቀለሙ ያምር ነበር።